የጌጥ ሕግ፦ ከቪዲዮ ጨዋታ ገጽ ወደ ቬክተር ሥዕል፣ ከሥዕሉም ወደ ሠሪው እጅ

(በአምስት ኪሎ ካምፓስ ለተማሪዎች፣ ለመምህራንና ለእንግዶች የቀረበ የሕዝብ ንግግር ሙሉ ቃል)



ዛሬ የምናገርበት ጉዳይ ሲሰሙት የትርፍ ጊዜ ማሳለፊያ ይመስላል። በቪዲዮ ጨዋታዎች ውስጥ በግድግዳ፣ በጋሻ፣ በልብስ ጠርዝና በመስኮት ላይ የሚታዩትን የጂኦሜትሪ ጌጦች በቬክተር ሶፍትዌር መልሶ ስለ መሥራት ነው። በዓለም ዙሪያ ብዙ ወጣቶች ይህን ያደርጋሉ። የሚወዱት ጨዋታ ውስጥ አንድ ምልክት ያያሉ፤ ስክሪንሾት ያነሳሉ፤ ከዚያም በኢንክስኬፕ ወይም በኢሉስትሬተር ከፍተው ጠርዙን እየተከተሉ ይስሉታል። እኔም ይህንኑ ሥራ የኮምፒውተር ግራፊክስ ማስተማሪያ አድርጌ እጠቀምበታለሁ፤ ምክንያቱም ቀላል መስሎ ይጀምርና ተማሪውን ሳያስበው ወደ ሒሳብ፣ ወደ ታሪክና ወደ እጅ ጥበብ ይወስደዋል።

ላስረዳ የምፈልገው ነገር አንድ ነው። የአንድን ጌጥ መልክ መገልበጥና ጌጡ የተሠራበትን ሕግ ማግኘት የተለያዩ ሥራዎች ናቸው። ለመጀመሪያው ዓይንና ትዕግሥት ይበቃሉ። ለሁለተኛው ግን «ይህ ከምን ተሠራ? በምን መሣሪያ? ሠሪው ከየት ጀመረ?» ብሎ መጠየቅ ያስፈልጋል። ጌጡ የራሳችን በሆነ ጊዜ ደግሞ፣ ሁለተኛውን ትተን በመጀመሪያው ብቻ ብንረካ የምናጣው ነገር አለ።

ነጥብና መስመር

ከመሠረቱ እንነሣ። በፒክስል የተሠራ ሥዕል የቀለም ነጥቦች ሠንጠረዥ ነው። ሲያጎሉት ነጥቦቹ ይገለጣሉ፤ ጠርዙም እንደ መሰላል ይሆናል። የቬክተር ሥዕል ግን ትእዛዝ ነው፦ «ከዚህ ነጥብ ተነሥተህ፣ በእነዚህ ሁለት ነጥቦች እየተሳብህ፣ እዚያ ድረስ» ይላል። ስለዚህ በጥፍር ላይም ሆነ በሕንፃ ግድግዳ ላይ ቢታተም ጥራቱ አይለወጥም። ዛሬ የምንጠቀምባቸው ጥምዝ መስመሮች የተወለዱት በፈረንሳይ የመኪና ፋብሪካዎች ነው። ፖል ደ ካስተልዦ በሲትሮኤን፣ ፒየር ቤዚዬ በሬኖ፣ የመኪና አካል ጥምዞችን በቁጥር ለመግለጽ ሲሉ ያበጁት ዘዴ ነው። ቬክተርን የሚያስቀምጠው ኤስቪጂ የተባለው የፋይል ዓይነት ደግሞ እ.ኤ.አ. በ2001 ዓለም አቀፍ የድረ ገጽ መመዘኛ ሆነ። በኋላ እንደማሳያችሁ፣ ኤስቪጂ በተራ ጽሑፍ የሚጻፍ ፋይል መሆኑ ለጉዳያችን ትልቅ ትርጉም አለው።

ቬክተር ትእዛዝ ከሆነ፣ በቬክተር መሳል ማለት ትእዛዙን ማግኘት ማለት ነው። እዚህ ላይ ብዙ ተማሪዎች ይሳሳታሉ። ሶፍትዌሩ ሥዕሉን በራሱ እንዲከታተለው ያዙታል፤ እርሱም የስክሪኑን ጉድለት ሁሉ ተከትሎ ብዙ አንጓዎች ያሉት ፋይል ይሰጣቸዋል። መልኩ ይመስላል። ነገር ግን በዚያ ፋይል ውስጥ ክብ የለም፤ ካሬ የለም፤ እኩል የሚባል ነገርም የለም። አንድ ክብ በማዕከሉና በራዲየሱ፣ ማለትም በሦስት ቁጥሮች ብቻ መገለጽ ሲችል፣ በመቶ አንጓዎች ተሰባብሮ ተቀምጧል።

የኢትዮጵያ ከተማ በጨዋታ ውስጥ

አሁን ወደ አገራችን ጉዳይ እንምጣ። ኢትዮጵያ በታወቁ የስትራቴጂ ጨዋታዎች ውስጥ ከገባች ቆይታለች። እ.ኤ.አ. በ2012 በ«ሲቪላይዜሽን 5» ተጨማሪ ክፍል ገባች። በ2020 ደግሞ በ«ሲቪላይዜሽን 6» በዳግማዊ ምኒልክ መሪነት ቀረበች፤ በዚያ ጨዋታ ተጫዋቹ ከዓለት የተፈለፈለ ቤተ ክርስቲያን መሥራት ይችላል፤ በዙሪያው ያሉት ተራሮችና ኮረብታዎችም የእምነት ነጥቡን ይጨምሩለታል። ከሁሉም ይልቅ ለዛሬው ርእስ የሚጠቅመኝ ግን «ኤጅ ኦቭ ኢምፓየርስ 2» ነው። እ.ኤ.አ. በ2015 በወጣው የአፍሪካ መንግሥታት ክፍል ኢትዮጵያውያን ከእነ ሾተል ተዋጊዎቻቸው ገቡ።

በዚያ ጨዋታ ውስጥ የኢትዮጵያውያን ቤቶችና የማሊያውያን ቤቶች አንድ ዓይነት ናቸው። የጨዋታው ሠሪዎች ለሁለቱም ሕዝቦች አንድ «አፍሪካዊ» የሕንፃ ስብስብ አዘጋጁ። ስብስቡም በሳህል አገሮች የጭቃ ሕንፃ አሠራር፣ እንደ ጄኔ መስጊድ ባሉት ላይ የተመሠረተ ነው፤ ከግድግዳው በረድፍ የወጡ እንጨቶች ይታዩበታል። ይህን ለነቀፋ አላነሣሁትም። አንድ ድርጅት ለብዙ ሕዝቦች በተወሰነ ጊዜና ገንዘብ ሥዕል ሲያዘጋጅ እንዲህ ያለ ማቀላቀል ይደርሳል። ያነሣሁት ከዚህ የሚበልጥ ትምህርት ስላለበት ነው።

ከግድግዳ የወጣ እንጨት በእኛም ታሪክ አለና! የአክሱም ሕንፃ ድንጋይንና እንጨትን እያፈራረቀ ይሠራ ነበር። በግድግዳው ርዝመት የተጋደሙትን ግንዶች አጥብቀው የሚይዙ አግዳሚ እንጨቶች በግድግዳው ውፍረት ያልፋሉ፤ ጫፋቸውም ወደ ውጭ ይወጣል። ይህ ጫፍ «የዝንጀሮ ራስ» ይባላል። በደብረ ዳሞ ቤተ ክርስቲያን ዛሬም በእንጨትነቱ ይታያል። እንግዲህ አንድ ተማሪ ከጨዋታው ላይ የኢትዮጵያን ቤት አይቶ፣ የወጡትን እንጨቶች በቬክተር ስሎ፣ «የአክሱም ጌጥ» ብሎ ቢሰይመው፣ ላይ ላዩን ለሚያይ ሰው ስሕተቱ አይገለጥም። ሁለቱም ከግድግዳ የወጡ እንጨቶች ናቸው።

ሕጋቸው ግን ፈጽሞ አይገናኝም። በሳህል ሕንፃ ላይ ያሉት እንጨቶች የዘንባባ እንጨት እስሮች ናቸው፤ ዋናው ጥቅማቸው ግድግዳው በየጊዜው በጭቃ ሲለሰን ሠራተኞች የሚቆሙባቸው መወጣጫ መሆን ነው። ስለዚህ የሚደረደሩት የሰው እጅና እግር በሚደርስበት ርቀት ነው። የአክሱሙ የዝንጀሮ ራስ ግን የሕንፃው አጥንት ጫፍ ነው፤ ቦታውን የሚወስኑለት ከውስጥ የተጋደመው ግንድ፣ የፎቁ ወለልና የመስኮቱ ማዕዘን ናቸው። ይህን የሚያውቅ ሠዓሊ እንጨቶቹን የትም አያስቀምጣቸውም።

ከዚህ የበለጠ የሚያስደንቀው ደግሞ የአክሱም ጠራቢዎች ራሳቸው ያደረጉት ነው። ሐውልቶቹን ስንመለከት ከእንጨት የሚሠራውን ነገር ሁሉ በድንጋይ ጠርበውታል፤ ሐሰተኛ በር፣ ሐሰተኛ መስኮት፣ በፎቅና በፎቅ መካከል በረድፍ የተቀረጹ የግንድ ጫፎች ይታያሉ። እ.ኤ.አ. በ2005 ከሮም የተመለሰው 24 ሜትር ያህል ቁመት ያለው ሐውልት ለዚህ ጥሩ ማሳያ ነው። ከብዙ መቶ ዓመታት በኋላ የላሊበላ ጠራቢዎች ያንኑ መስኮት ከነማዕዘን እንጨቱ ከአንድ ወጥ ዓለት ፈልፍለው አወጡት። በዓለት ውስጥ እንጨት የለም፤ ግንዱን የሚይዝ አግዳሚም አያስፈልግም። ነገር ግን የዝንጀሮ ራሱ በእንጨት ሕንፃ ውስጥ ሊሆን በሚገባው ቦታ ላይ ተቀምጧል።

ስለዚህ ጌጥን ከአንድ ቁስ ወደ ሌላ ቁስ ማሻገር ለእኛ አዲስ ነገር አይደለም። ከእንጨት ወደ ሐውልት፣ ከሐውልት ወደ ዓለት ተሻግሯል። ዛሬ ደግሞ ወደ ቬክተር ልናሻግረው ነው። የቀደሙት ያሻገሩት ከነሕጉ ነበር። እኛስ?

ስክሪኑን ማቅናት

አሁን አሠራሩን በቅደም ተከተል ላሳያችሁ።

የመጀመሪያው ሥራ የጨዋታውን የእይታ ማዕዘን መፍታት ነው። እንደ «ኤጅ ኦቭ ኢምፓየርስ 2» ያሉ ጨዋታዎች ምድርን ከላይ አጋድለው ያሳያሉ። ካሬ የነበረው የምድር ክፍል ወርዱ የቁመቱ እጥፍ የሆነ አልማዝ መሰል ቅርጽ ይሆናል። ወለል ላይ ያለ ጌጥ ስናገኝ ቁመቱን በእጥፍ ዘርግተን በ45 ዲግሪ እናዞረዋለን፤ ካሬው ይመለሳል። ግድግዳ ላይ ያለ ጌጥ ከሆነ ቋሚ መስመሮቹ ቋሚ ናቸው፤ አግድም መስመሮቹ ግን 26.57 ዲግሪ ያህል አዘንብለዋል፤ ያንን ማዘንበል ወደ ኋላ መልሰን ከዚያ የወርዱን ልክ እናስተካክላለን። ይህን ሳያደርጉ የሚስሉ ሰዎች የተጋደለውን ጌጥ እንደ ተጋደለ ያስቀሩታል።

ሁለተኛው ሥራ ሲሜትሪውን መፈለግ ነው። ሲሜትሪ ስል ቅርጹን ብናዞረው፣ ብንገለብጠው ወይም ብናሻግረው ራሱን ሆኖ የሚያገኘንን መንገድ ማለቴ ነው። በረድፍ የሚሄድ ጌጥ ሊኖረው የሚችለው የሲሜትሪ ዓይነት 7 ብቻ ነው። ሜዳ የሚሞላ ጌጥ ከሆነ 17 ብቻ ነው፤ ይህንንም ሩሲያዊው ፌዶሮቭ እ.ኤ.አ. በ1891 አረጋግጦታል። የኢንክስኬፕ የተደረደሩ ቅጂዎች መሣሪያ እነዚህን 17ቱንም አካቷል። ከዚህ ካምፓስ ጥቂት እርምጃ ርቆ ባለው ብሔራዊ ሙዚየም ያለውን የሐውልቲ ዙፋን ጠርዝ ተመልከቱ፦ የተኙ የዱር ፍየሎች በረድፍ ተደርድረዋል። አንዱን ፍየል በጥንቃቄ የሳለና የድርድሩን ልክ ያወቀ ሰው ረድፉን ሁሉ ሳለ ማለት ነው።

አራት እኩል ክንድ ያለው ተራ መስቀል 8 ሲሜትሪዎች አሉት፤ አራት ዙረቶችና አራት የመስታወት ነጸብራቆች። ስለዚህ የምንስለው አንድ ስምንተኛውን ብቻ ነው፤ የቀረውን ሶፍትዌሩ ያባዛዋል። በላሊበላ የቤተ ጊዮርጊስ ጣሪያ ላይ አንዱ በአንዱ ውስጥ የተቀረጹት መስቀሎች ለጀማሪ ጥሩ ልምምድ ናቸው። በቤተ ማርያም መስኮቶች ላይ ያሉት የተለያዩ መስቀሎች ደግሞ ተማሪው ሲሜትሪን እንዲለይ ያስገድዱታል፤ ከመካከላቸው ክንዶቹ የታጠፉት መስቀል ይዞራል እንጂ በመስታወት ራሱን አይመስልም።

ጉንጉኑ መስታወትን ሲከለክል

ከዚህ ቀጥሎ ያለው በክፍል ውስጥ ከሁሉ ይልቅ ክርክር የሚያስነሣው ነጥብ ነው፤ ስለዚህ ጥቂት እቆይበታለሁ።

ወደ ስድስት ኪሎ ወጣ ብለን የኢትዮጵያ ጥናት ተቋም ሙዚየም ብንገባ የመጾር መስቀሎችን እናገኛለን። በብዙዎቹ ላይ፣ እንዲሁም በብራና መጻሕፍት ራስጌ በሚሳለው ሐረግ ላይ፣ ክሮች እርስ በርሳቸው ሲጎነጎኑ ይታያል። የጉንጉን ሕግ አጭር ነው፤ አንድ ክር በአንድ መጋጠሚያ ላይ ከላይ ካለፈ በሚቀጥለው ላይ ከሥር ያልፋል።

ተማሪው ይህን ጌጥ ሲያይ ግራና ቀኙ እኩል ይመስለዋል። ግማሹን ይስላል፤ ከዚያም በመስታወት ይገለብጠዋል። ሁለቱ ግማሾች በተገናኙበት ቦታ ግን ጉንጉኑ ይፈርሳል። በመሐል መስመሩ በኩል የሚያልፈው ክር በግራ ያለውን የመጨረሻ መጋጠሚያ ከላይ ካለፈ፣ ነጸብራቁም በቀኝ ያለውን ከላይ ያልፋል፤ ሁለት ጊዜ በተከታታይ ከላይ ሆነ። መጋጠሚያው ራሱ በመሐል መስመሩ ላይ ከወደቀ ደግሞ ነገሩ ጨርሶ የማይቻል ይሆናል፤ ሁለቱ ክሮች የአንዱ ነጸብራቅ ሌላው ስለሆኑ አንዱን ከላይ ሌላውን ከሥር ማድረግ ነጸብራቁን ያፈርሰዋል።

ይህ የሥዕል ጉድለት ሳይሆን የሒሳብ ሕግ ነው። አንድ ወጥ ሆኖ የተያያዘና በተራ ከላይና ከሥር የሚያልፍ ጉንጉን የመስታወት ሲሜትሪ ሊኖረው አይችልም። ዙረት ብቻ ይቀርለታል። ስለዚህ የተጎነጎነው መስቀል ከ8ቱ ሲሜትሪዎች 4ቱን ብቻ ይይዛል፤ የምንስለውም አንድ ስምንተኛውን ሳይሆን አንድ አራተኛውን ነው፤ የምናባዛውም በማዞር ብቻ ነው። ብራናውን የሣለው ሰው ይህን በሒሳብ ቋንቋ አልጻፈውም፤ እጁ ግን ያውቀዋል። በተቃራኒው፣ ለጌጥነት ተብሎ በችኮላ በተሳለ ጉንጉን ላይ የተደጋገመ ክር ብታዩ በመስታወት የተገለበጠ መሆኑን ወዲያው ትጠረጥራላችሁ።

አንድ ተጨማሪ ሕግ ልጨምር። በአራት ማዕዘን ውስጥ የተሞላ ቀጥተኛ ጉንጉን ስንት ክር አለው? በአንዱ ጎን 4፣ በሌላው ጎን 7 መታጠፊያዎች ካሉት ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ አንድ ክር ብቻ ነው። 4 በ6 ከሆነ ግን ሁለት የተለያዩ ክሮች ናቸው። መልሱ የሁለቱ ቁጥሮች ትልቁ የጋራ አካፋይ ነው። በሞዛምቢክ ያስተማሩት የሒሳብ ሊቅ ፓውሉስ ጌርዴስ በአንጎላ የአሸዋ ሥዕሎች ላይ ተመሳሳይ ጥናት አድርገው፣ በአፍሪካ ጌጥ ውስጥ ያለው ሒሳብ ለትምህርት ቤት እንደሚበቃ አሳይተዋል። አሜሪካዊው ሮን ኤግላሽ ደግሞ እ.ኤ.አ. በ1999 ባሳተሙት «አፍሪካን ፍራክታልስ» በተባለው መጽሐፍ የኢትዮጵያን የመጾር መስቀሎች እንደ ምሳሌ ወስደዋቸዋል፤ ክንዱ በትንሽ መስቀል ያልቃል፤ የትንሹም መስቀል ክንድ ከእርሱ ባነሰ መስቀል ያልቃል። 4 ጫፍ 12 ይሆናል፤ 12ቱ 36 ይሆናሉ። ሶፍትዌሩ ይህን ያለ ገደብ ሊቀጥል ይችላል። ሠሪው ግን ነሐሱ እስከ ፈቀደለት ድረስ ሄዶ ይቆማል። ያ የመቆሚያ ቦታም የጌጡ አካል ነውና በሥዕላችን ልናከብረው ይገባል።

ስለ ነሐስ ካነሣሁ አይቀር፣ በሰም የሚሠራውን አስቡ። ቅርጹ በሰም ይበጃል፤ በጭቃ ይለበጣል፤ በእሳት ሲሞቅ ሰሙ ይፈስሳል፤ በባዶው ቦታ የቀለጠ ነሐስ ይገባል፤ በመጨረሻም ጭቃው ይሰበራል። ቅርጽ ማውጫው ስለሚሰበር እንዲህ የተሠራ መስቀል ሁሉ አንድና ብቸኛ ነው። እንግዲህ ግራ ክንዱ ከቀኙ በጥቂት ቢለይ በቬክተሩ ላይ «እናርመው» ወይስ እንዳለ እንተወው? የእኔ ልምድ ሁለት ፋይል ማዘጋጀት ነው። አንዱ ሕጉን ያሳያል፤ ሌላው ያንን አንድ መስቀል እንዳለ ያሳያል። ሁለቱን ማቀላቀል ግን ሁለቱንም ሐሰት ያደርጋቸዋል።

«በስንት ክር ነው?»

ከስድስት ኪሎ ወደ እንጦጦ አቅጣጫ መንገዱን ከቀጠልን ሽሮ ሜዳ እንደርሳለን። ከጋሞ ደጋ የመጡ የዶርዜ ሸማኔዎች የሽመና ሥራቸውን ካስፋፉባቸው የአዲስ አበባ ሠፈሮች አንዱ ነው።

አንድ ጊዜ ከተማሪዎቼ ጋር የነጠላ ጥለት በቬክተር ሠርተን በወረቀት አትመን ለአንድ አዛውንት ሸማኔ አሳየን። ሥዕሉ ንጹሕ ነበር፤ ሰያፍ መስመሮቹ እንደ ምላጭ የቀጠኑ፣ ጥምዞቹ የለሰለሱ። ተማሪዬ፦ «አባባ፣ እንዴት አዩት?» አለቻቸው። ወረቀቱን ዘቅዝቀው አዩት፤ አቅንተው አዩት። «ያምራል ልጄ» አሉ፤ ቀጥለውም «በስንት ክር ነው?» ብለው ጠየቁ። ከመካከላችን የመለሰ አልነበረም፤ በሥዕሉ ውስጥ ክር አልነበረምና።

ጥለት የሚሠራው ድሩ ተቆጥሮ፣ የተወሰኑት ክሮች ተነሥተው፣ በመካከላቸው ባለ ቀለሙ ማግ ሲገባ ነው። ስለዚህ በጥለት ውስጥ ለስላሳ ሰያፍ መስመር የለም። ያለው ደረጃ ነው፤ ይህን ያህል ድር ወደ ጎን፣ ይህን ያህል ማግ ወደ ላይ። የድሩና የማጉ ውፍረትና ጥብቀት ስለሚለያይም በቁጥር እኩል የሆነ ቅርጽ በዓይን ሲታይ ካሬ ላይሆን ይችላል።

ከዚህ የሚገኘው መደምደሚያ ለጨዋታ ወዳጆች የሚያስደስት ነው። ለጥለት የሚቀርበው ዘመድ የቤዚዬ ጥምዝ ሳይሆን ፒክስል ነው! እ.ኤ.አ. በ1983 የወጣው የኒንቴንዶ ፋሚሊ ኮምፒውተር ሥዕሎቹን ሁሉ የሚገነባው 8 በ8 ከሆኑ የነጥብ ሰድሮች ነበር። የዚያ ዘመን የጨዋታ ሠዓሊ በተቆጠሩ ነጥቦች ላይ ጥቂት ቀለሞች ይዞ ሰያፍን በደረጃ ይሠራ ነበር። ሸማኔው ያንን ችግር ከእርሱ አስቀድሞ ፈትቶታል። ስለዚህ ጥለትን በቬክተር ስንስል ጥምዝ መስመሩን ትተን የፍርግርግ መረብ እናበጃለን፤ ኢንክስኬፕ የመረቡን ወርድና ቁመት ለየብቻ እንድንወስን ስለሚፈቅድ የድሩንና የማጉን ልክ እንሰጠዋለን፤ ከዚያ እያንዳንዱን ሕዋስ እንሞላለን። የሸማኔው ጥያቄ መልስ በሥዕሉ ውስጥ የሚገባው ያን ጊዜ ነው፤ ማንም ሰው ቆጥሮ ሊያገኘው፣ ሸማኔም አይቶ ሊሠራው ይችላል።

እዚህ ላይ ሦስቱን ጎን ለጎን ላስቀምጥ። ጠራቢው ድንጋይ ይቀንሳል፤ ስለዚህ ሕጉ የጥልቀትና የጥላ ነው። ነሐስ ሠሪው ሰም ያበጃል፤ ሕጉ የመያያዝ ነው፤ የተነጠለ ክፍል ካለ ይወድቃልና። ሸማኔው ክር ይቆጥራል፤ ሕጉ የቁጥር ነው። ሶፍትዌሩ ግን ሦስቱንም በአንድ ዓይነት መስመር ይስላቸዋል። ልዩነቱን የሚያውቀው ሠዓሊው ብቻ ነው።

በፋይሉ ውስጥ ምን እንጻፍ?

ይህ ሁሉ ለምን ያስጨንቀናል? ዛሬ በየገበያው በፋብሪካ ጥለት የታተመበት ጨርቅ ከእጅ ሥራው አጠገብ ተሰቅሎ በብዙ እጥፍ ርካሽ ይሸጣል። የታተመው ጨርቅ መልኩን ወስዷል፤ ቁጥሩን አልወሰደም፤ ማወቅም አያስፈልገውም። እኛ በዩኒቨርሲቲ ያለን ሰዎች የምናዘጋጀው ፋይል መልክ ብቻ የያዘ ከሆነ ለማተሚያ ማሽኑ የሚበቃ፣ ለሸማኔው ግን የማይጠቅም ሥራ ሠርተናል። ቁጥሩንና ሕጉን ከያዘ ግን የሸማኔው ልጅም ሊማርበት ይችላል።

የጨዋታ ኢንዱስትሪውም በአገራችን ተጀምሯል። ቅኔ ጌምስ ያዘጋጃቸው «ኩኩሉ» እና «ገበታ» በስልክ የምንጫወታቸው የአገር ቤት ሥራዎች ናቸው። ከእናንተ መካከልም ነገ የጨዋታ ግድግዳ፣ ጋሻና ቀሚስ የሚስሉ ይኖራሉ። ያን ጊዜ መነሻችሁ የሌላ ጨዋታ ስክሪንሾት ከሆነ፣ የማሊው ግድግዳ በኢትዮጵያ ስም ሁለተኛ ጊዜ ይገለበጣል፤ ሦስተኛውም ሰው ከእናንተ ይገለብጠዋል። ሕጉም ሆነ ሕሊና የሚፈቅዱትን ማወቅ ያስፈልጋል። የቅጂ መብት አዋጅ ቁጥር 410/1996 የሚጠብቀው የሥራን አገላለጽ ነው፤ ሐሳብንና ዘዴን አይደለም። የድርጅቱን ሥዕል ገልብጦ መሸጥ ክልክል ሊሆን ይችላል፤ የመስቀሉን የዙረት ሕግ ግን ማንም በባለቤትነት አይዘውም። ስለዚህ ወደ ምንጩ የሚሄድ ሰው እውቀቱ ይበረታል፤ ነፃነቱም ይሰፋል።

አስቀድሜ ኤስቪጂ በጽሑፍ የሚጻፍ ፋይል ነው ብያችኋለሁ። የፊደላችን ቁምፊዎች እ.ኤ.አ. በ1999 በዩኒኮድ ውስጥ ስለተካተቱ፣ በዚያ ፋይል ውስጥ በአማርኛ መጻፍ ይቻላል። የርእስና የመግለጫ ቦታ ተዘጋጅቶለታል። በዚያ ቦታ ሦስት ነገሮች እንዲገቡ እጠይቃለሁ። አንደኛ፣ ጌጡ በሠሪዎቹ ዘንድ የሚጠራበት ስም። ሁለተኛ፣ የታየበት ቦታና ቁስ፤ ከጨዋታ ከተወሰደም የጨዋታው ስም በግልጽ ይጻፍ፤ «የአክሱም» ተብሎ አይሸፈን። ሦስተኛ፣ ሕጉ፤ የሲሜትሪው ዓይነት፣ የክሩ ቁጥር፣ የድግግሞሹ ልክ። ሸማኔ ወይም ነሐስ ሠሪ ካስተማረን ደግሞ፣ ፈቅዶ ከሆነ ስሙ ይግባ። ይህ ሁሉ አንድ ገጽ እንኳ አይሞላም፤ የፋይሉንም ክብደት አይጨምረውም።

ለተማሪዎች የምሰጠው የመጀመሪያ ልምምድ ይህ ነው። ከምትወዱት ጨዋታ አንድ የጌጥ ምሳሌ ምረጡ፤ ማዕዘኑን አቅኑ፤ ሲሜትሪውን ለዩ፤ ከዚያም ከአምስት ኪሎ እስከ ሽሮ ሜዳ ባለው በዚህ አንድ መንገድ ላይ የሚመስለውን እውነተኛ ጌጥ ፈልጋችሁ አግኙ፤ ሁለቱንም በአንድ ገጽ ላይ ጎን ለጎን ሳሉ። የሚመሳሰሉበትን በአንድ ዓረፍተ ነገር፣ የሚለያዩበትን ሕግ በሌላ ዓረፍተ ነገር ጻፉ። ሁለተኛውን ዓረፍተ ነገር ለመጻፍ ከወንበር ተነሥቶ መሄድና ሰው መጠየቅ ግድ ይላል፤ ልምምዱም የተሰጠው ለዚሁ ነው።